አስቂኝ የሮክ አልበም ይሸጣል ወይ? ሃያሲስ ከቁም ነገር ይቆጥረዋል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ከጓደኞችህ ጋር አስቂኝ ግጥም ያላቸው የሮክ ዘፈኖች ሠርታችሁ አልበም ልታወጡ ነው። ግን “ሰው ስቆ ያልፈናል እንጂ አይገዛንም፣ ሃያሲም ከቁም ነገር አይቆጥረንም” የሚል ስጋት ገብቷችኋል። እኔ የምኖረው ሲያትል ነው፤ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። እዚሁ ከተማ የተሠራ አንድ አልበም ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው ብዬ ስለማምን ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

የባንዱ ስም “ዘ ፕሬዚደንትስ ኦፍ ዘ ዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ” ነው። ክሪስ ባሉ፣ ዴቭ ዴደረር እና ጄሰን ፊን የሚባሉ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያ አልበማቸውንም በዚሁ ስም ጠሩት። በ1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፖፕላማ የሚባል ትንሽ የሲያትል አሳታሚ አወጣው። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት፣ ኮሎምቢያ የሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ወስዶ እንደገና አሳተመው።

ጊዜውን ልብ በልልኝ። የታዋቂው የሲያትል አካባቢ ባንድ የኒርቫና መሪ ከርት ኮቤይን ከሞተ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ያኔ የሲያትል ሮክ ሲባል ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ከባድ ጊታር፣ ንዴትና የጨለመ ግጥም ነበር። እነዚህ ሦስቱ ግን ስለ ድመት ዘፈኑ። ስለ ኮክ ፍሬ ዘፈኑ። ጥጥ ስለሚበላ ነቀዝና ረግረግ ውስጥ ብቻዋን ስለተቀመጠች ሴት ዘፈኑ። አንደኛው ዘፈናቸው ደግሞ ከነርዕሱ “አይሳካልንም” የሚል ነው፤ ከእኛ የተሻለ ባንድ ሞልቷል እያሉ ይጮሃሉ።

ተሳካላቸው። አልበሙ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ የሦስት ጊዜ ፕላቲነም ሆነ፤ ይህ ማለት 3 ሚሊዮን ቅጂ ነው። ስለ ረግረጓ ሴት የሚዘፍነው “ላምፕ” በቢልቦርድ የሞደርን ሮክ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 1ኛ ወጣ። የኮክ ፍሬው ዘፈን “ፒችስ” እንግሊዝ ድረስ ሄዶ 8ኛ ሆነ። ስለዚህ “ይሸጣል ወይ?” ላልከው፣ መሸጥስ ይሸጣል።

ሃያሲዎቹ ግን ለሁለት ተከፈሉ። ከዚያ ሁሉ ሐዘን በኋላ ሰው እንዲተነፍስ አደረጉ ብለው የወደዷቸው ነበሩ። የአንድ ሰሞን ጨዋታ ነው፣ ይረሳል ብለው ያጣጣሏቸውም ነበሩ። በ1996 ለግራሚ ሽልማት፣ በአማራጭ ሙዚቃ ዘርፍ ታጩ። አብረዋቸው የታጩትን ተመልከት፦ ቢዮርክ፣ ፒጄ ሃርቪ፣ ፉ ፋይተርስ እና ኒርቫና። ኒርቫና አሸነፈ፤ ያውም ኮቤይን ከሞተ በኋላ በወጣው “ኤምቲቪ አንፕለግድ” በሚባለው የኮንሰርት አልበም። በዓመቱ “ፒችስ” በፖፕ ዘርፍ ታጨና በቢትልስ ተሸነፈ። እኔ ይህን ሽንፈት አልለውም። ስለ ኮክ ፍሬ ዘፍኖ ከእነዚህ ጋር አንድ መዝገብ ላይ መስፈር ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አጨዋወታቸው ልምጣ። ባሉ ይጫወት የነበረው ተራ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ግን ስድስቱን ክር አውጥቶ ሁለት የቤዝ ክር ብቻ አስሮበት ነበር። የዴደረር ጊታር በበኩሉ ሦስት ክር ብቻ ነበረው። ሐሳቡ ከማርክ ሳንድማን፣ ከቦስተኑ ባንድ ከሞርፊን መሪ የመጣ ነው፤ እሱም ሁለት ክር ባለው ቤዝ ነበር የሚጫወተው። እኛ በአንዲት ጅማት መሲንቆ አዝማሪ ቤቱን በሳቅ ሲያፈርሰው ያየን ሰዎች በዚህ ብዙ አንደነቅም።

ግን እጅህ ላይ ስትይዘው ሌላ ነው። አሮጌ ጊታሬን እንደዚያ አድርጌ ክሩን ቀይሬ ከጓደኞቼ ጋር ተጫውቼበታለሁ። ክሮቹ የሚቃኙት እርስ በርስ እንዲስማሙ ስለሆነ አንድ ጣት አጋድመህ ስትጫን ወፍራም የሮክ ድምፅ ወዲያው ይወጣል። ጣትህን ማንሸራተት ብቻ ነው። ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን የሚወጣበት ረጅም ጨዋታ) እየነዳህ መደበቅ ግን የለም። ምቱ ከላላ ዘፈኑ እዚያው ይሞታል። ከበሮው፣ ሁለቱ ክርና ድምፅህ ካልተናበቡ ምንም የሚያድንህ ነገር የለም።

የድመቷን ዘፈን “ኪቲ”ን ክፈትና ስማው። በሚያው ሚያው ይጀምራል፣ የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። ከዚያ ቀስ እያለ ይከርና መጨረሻው የለየለት የፓንክ ጩኸት ይሆናል። ተጫዋቾቹ አንዴም “እየቀለድን ነው” ብለው አይጠቅሱህም። ስለ ድመቲቱ ከልባቸው ነው የሚጮኹት። የሚያስቀውም ለዚህ ነው።

ባር ውስጥ ስጫወት ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ሰው በቀልዱ የሚስቀው መጀመሪያ ሲሰማው ነው። ቀጥሎ ሲሰማው ፈገግ ይላል። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱን የሚያስነቀንቀው ምቱና ዜማው ብቻ ነው። ግጥሙን በቃሉ የያዘ ሰው ምን አዲስ ነገር ያስቀዋል? 3 ሚሊዮን ሰው ያን አልበም የገዛው ለአንድ ሳቅ ብሎ አይመስለኝም። መኪናው ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ የሚሰማው ነገር ስላገኘ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ ሁለተኛውን አልበም። እነሱ በ1996 ሁለተኛውን አከታትለው አወጡ። እንደ መጀመሪያው አልሆነም። በ1998 ባንዱ ፈረሰ። በኋላ ተመልሰው ሠርተዋል፣ ባሉም ካስፐር ቤቢፓንትስ በሚል ስም ለልጆች ብዙ ዘፈን አውጥቷል፤ ያ የመጀመሪያው ሞገድ ግን አልተደገመም። አስቂኝ ባንድ ላይ ሰው ያንኑ ሳቅ በፍጥነት ይጠብቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ከሄደላችሁ የሚገፋችሁ ሰው ቢበዛም አትቸኩሉ፣ ጊዜ ውሰዱ።

ለአሁኑ የምልህ፣ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ዘፈኖቹን ያለ ግጥም፣ ዜማውን በማንጎራጎር ብቻ፣ በስልክ ቅዱና ቋንቋችሁን ለማይሰማ ሰው አሰሙት። እግሩ መሬቱን መምታት ከጀመረ ቀጥሉ። ካልጀመረ ግጥሙን አትንኩት፣ ከበሮውን ነው እንደገና የምትሠሩት። ለእኔም በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ቤዙን በደንብ ሰምቼ የሚሰማኝን እጽፍልሃለሁ።