መጽሐፍ ሰውነትን ያስተምራል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ዮጋ የምሠራው ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። አሁን ግን እዚያው ነኝ፤ ያችኑ ግማሽ ሰዓት እደጋግማለሁ። ቆሜ ወደ ፊት ጎንበስ ስል ደግሞ ወገቤን ያመኛል። ዱባይ የምትሠራው እህቴ ለበዓል ስትመጣ የዮጋ መጽሐፍ ላምጣልሽ አለችኝ። ቪዲዮ ያላስተማረኝን ወረቀት ያስተምረኛል? እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም።

መልስ፦ እህቴ፣ ታምጣልሽ።

ቪዲዮን ልነቅፍ አይደለም። አንድ አሳና (የዮጋ አቋቋም ወይም አቀማመጥ) ምን እንደሚመስል ከቪዲዮ በላይ የሚያሳይ የለም። ግን ቪዲዮው የራሱ ፍጥነት አለው። አስተማሪዋ ጎንበስ ስትል አንቺም እኩል ጎንበስ ትያለሽ። አንገትሽ ወደ ስልኩ ተጣሞ፣ ትንፋሽሽ ተቆርጦ፣ «አሁን የት ደረሰች?» እያልሽ ነው። ወገብሽ «ቀስ በይ» ሲልሽ ማን ይስማው? መጽሐፍ አይቀድምሽም። አንድ መስመር አንብበሽ ትሠሪያለሽ፤ ካልገባሽ ተመልሰሽ ታነቢያለሽ።

ወገብሽን ስላነሳሽው በዚያው ላስረዳሽ። ገርጂ በማስተምርበት ክፍል፣ መደርደሪያው ላይ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ አንድ መጽሐፍ አለ። «ላይት ኦን ዮጋ» ይባላል። የጻፉት ሕንዳዊው ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ናቸው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1966። አየንጋር በልጅነታቸው ወባው፣ ታይፎይዱ፣ ቲቢው ተፈራርቆባቸዋል። ወደ ዮጋ የገቡትም በጉርምስናቸው፣ ጤናቸው እንዲመለስ ተብሎ ነው። ሰውነቱ እሺ ብሎት የማያውቅ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል።

እዚያ ውስጥ ኡታናሳናን ፈልጊ። አንቺን የሚያምሽ እሱ ነው፤ ቆሞ ወደ ፊት መጎንበስ። ቪዲዮ ላይ አንድ እንቅስቃሴ ነው። እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች፣ አለቀ። መጽሐፉ ግን ከፋፍሎታል። አየር እያስወጣሽ ትጎነበሻለሽ። እጅሽ መሬት ይነካል። ጭንቅላትሽን ወደ ጉልበትሽ ከመውሰድሽ በፊት ግን ሌላ ደረጃ አለ፦ ጭንቅላትሽን ቀና ታደርጊያለሽ፣ አከርካሪሽን ትዘረጊያለሽ፣ እዚያው ሆነሽ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ትተነፍሻለሽ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉልበት የሚኬደው። ሲወጣም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ጭንቅላት ብቻ ቀና ይላል፤ መዳፍ ከመሬት አይነሳም። ሁለት ትንፋሽ። ከዚያ ይቆማል።

ያቺ የመሐል ደረጃ ናት የቀረችብሽ ብዬ እጠረጥራለሁ። የጭንሽ የኋላ ጡንቻ ከተወጠረ ዳሌሽ አልታጠፍ ይላል። አንቺ ደግሞ መሬት ካልነካሁ ትያለሽ። ታዲያ የሚታጠፈው ማን ነው? ወገብ።

አንድ ነገር ላይ ግን መጽሐፉን አትስሚው። አየንጋር ጉልበት እንዳይታጠፍ ይላሉ። አንቺ ወገብሽ እስኪሻለው ጉልበትሽን ትንሽ እጠፊ፤ እጅሽንም መሬት ሳይሆን ወንበር ላይ አሳርፊ። (እሳቸውም ቢሆኑ በኋላ በወንበር፣ በቀበቶና በብሎክ (እጅ የሚያርፍበት ጡብ መሰል ድጋፍ) በማስተማር ነው ስማቸው የገነነው። እዚህ መጽሐፍ ላይ ግን ያ ብዙም አይታይም።) ብሎክ ከሌለሽ ወፍራም መዝገበ ቃላት ይበቃል። ለቀበቶ ነጠላ፣ ለብርድ ልብስ ጋቢ። ሕመሙ ወደ እግርሽ የሚወርድ ወይም እግርሽን የሚያደነዝዝሽ ከሆነ ግን መጽሐፉንም ቪዲዮውንም ዘግተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

አነባበቡን በተመለከተ፣ እንደ ልብ ወለድ ከፊት እስከ ኋላ አትንጂው። ለሳምንት አንድ አሳና ያዢ። መጀመሪያ ሳታነቢ ሥሪው። ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ከዚያ ድገሚው። ክብደትሽ ተረከዝሽ ላይ ነው ወይስ ጣቶችሽ ላይ? ጉልበትሽ ወዴት ዞሯል? እነዚህን ጥያቄዎች የምታገኚያቸው ሁለተኛው ላይ ነው። እርሳስ አይለይሽ። ገጹ ዳር ላይ በአማርኛ ጻፊ፤ «ግራ ዳሌ ይቀድማል»፣ «ዛሬ ትንፋሽ አጠረኝ»። ተማሪዎቼ መጽሐፍ ላይ መጻፍ ያሳፍራቸዋል። ምን ያሳፍራል? የእናንተ ነው።

እንግሊዝኛሽ አያሳስብሽ። መመሪያው አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚደጋገሙትም ቃላት ያው ተንፍስ፣ ዘርጋ፣ አዙር የሚሉ ናቸው። መግቢያው ግን ይከብዳል። የጥንቱ የሕንድ የዮጋ ሊቅ የፓታንጃሊ ፍልስፍና ነው፤ ለኋላ ይቆይሽ። ከየአሳናው ስም ጎን ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያሳይ ቁጥር ታያለሽ፤ አነስ ካለው ጀምሪ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ለ300 ሳምንት የተዘጋጀ ፕሮግራም አለ። አዎ፣ ስድስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። እኔ መጽሐፉን ያመንኩት በዚህ ነው፤ በአንድ ወር ሰውነትሽን እለውጣለሁ የሚልሽን ሰምተሽዋል አይደል? የማልወድለት ነገር ቢኖር «ጥቅሙ» እያለ የሚዘረዝረውን የበሽታ ብዛት ነው። እሱን ሁሉ እንዳለ አትቀበይው።

እህትሽ ሌላ መጽሐፍ ካገኘች ሱቁ ውስጥ ቆማ አንድ ገጽ ትይልኝ። ከአሳናው እንዴት እንደሚወጣ ካልተጻፈ ትተወው። ማን መሥራት እንደሌለበት ካልተጻፈም እንደዚያው። ባሕር ዳርቻ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሳ ፎቶ የሞላበትማ ይቅርብሽ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 52 ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ልጄ ይህንኑ የአየንጋርን መጽሐፍ ሰጠኝ። በጭንቅላት መቆሙን ለመሞከር ጓጉቻለሁ። ደግሞ ጠዋት ቡና ሳልጠጣ አልነቃም፤ ይከለከላል? ከባሕር ዳር።

መልስ፦ ጋሼ፣ ቡናዎን ይጠጡ። አየንጋር ባዶ ሆድ ይመረጣል ይላሉ፤ ያ ከከበደ ግን አንድ ስኒ ሻይ፣ ቡና ወይም ወተት ይፈቅዳሉ። አንድ ስኒ ነው ያሉት፤ ቶናና በረካ አላሉም። ጠግበው ከበሉ ግን ቢያንስ አራት ሰዓት ይጠብቁ።

በጭንቅላት መቆሙን ይተዉት። መጽሐፉም የደም ግፊት ያለበት ሰው በእሱ እንዳይጀምር ያስጠነቅቃል። እኔ ደግሞ ጨምሬ፣ ሐኪምዎ ሳይፈቅዱ ጭንቅላት ከልብ በታች የሚወርድበትን የትኛውንም አይሞክሩ እላለሁ። ይልቅ ሻቫሳናን አንብበው ይሥሩት። በጀርባ ተንጋሎ መተኛት ነው። ልጅዎ ቢያይዎት «አባዬ ተኛ» ይላል። መጽሐፉ ግን ቀላል መስሎ ጠንቅቆ ለመሥራት እጅግ ከሚያስቸግሩት አንዱ እሱ ነው ይላል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃም ይሰጠዋል። ሳይንቀሳቀሱ፣ ሳያንቀላፉ። ይሞክሩትና ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሂንዱ አማልክት ተጽፎ አየሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ልቤ አልረጋም። ልቀጥል ወይስ ልተወው? ከሐዋሳ።

መልስ፦ የለም ብዬ አልዋሽሽም፣ አለ። ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖትና ፍልስፍና የወጣ ነው። ቪራባድራሳና የሚባለውን፣ እግርን አራርቆ ተቁሞ የሚሠራውን ታውቂዋለሽ። ስሙን ያገኘው ሺቫ የተባለው የሂንዱ አምላክ ከተነጨ ፀጉሩ ካስነሳው ተዋጊ ነው፤ መጽሐፉም ታሪኩን ይተርካል። እኔ ታሪክ ማወቅ ሌላ፣ ማምለክ ሌላ ብዬ እሠራለሁ። በዚህ የማይስማማ አለ፤ መብቱ ነው። ቪዲዮ ላይ ይህ ሁሉ ስለማይነገር ብዙ ሰው የሚሠራውን ነገር ምንጭ ሳያውቅ ነው የሚሠራው። አንቺ ቢያንስ አንብበሽ ነው የጠየቅሽው። ልብሽ ካልረጋ የምትወስኚው እኔን ሰምተሽ አይሁን። መጽሐፉን ይዘሽ የንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ። ዮጋ እንዲህ ነው ሲባል ከሚሰሙ ገጹን ራሳቸው ቢያዩት ይሻላል።