ከሞስኮ እስከ ቭላዲቮስቶክ በባቡር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ትራንስ ሳይቤሪያ ባቡር በየቀኑ ስለምጠየቅ አንድ ቦታ ልመልስና ልገላገል። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። ተማሪ ሆኜ ሞስኮና ኢርኩትስክ መሃል የተመላለስኩትን ቁጥሩን ረስቼዋለሁ።

ከመጠየቃችሁ በፊት ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ትኬት ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት ሦስት ጊዜ አንብቡ። ሁለተኛ፣ ከፉርጎ ስትወርዱ፣ ለሁለት ደቂቃም ቢሆን፣ ፓስፖርትና ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። በሉ ቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ርቀቱ ስንት ነው? ስንት ቀንስ ይፈጃል?

መልስ፦ 9,288 ኪሎ ሜትር። የትም ሳትወርድ ከሄድክ ሳምንት ገደማ። ቭላዲቮስቶክ ጣቢያ ላይ ቁጥሩ የተጻፈበት ሐውልት ቆሟል።

ጥያቄ፦ የትኛውን ማዕረግ ልቁረጥ? ጓደኞቼ ፕላትስካርትን እንዳትሞክሪው ይሉኛል።

መልስ፦ ጓደኞችሽ ተሳፍረውበት ያውቃሉ? ይሄን ነገር ደጋግሜ ተከራክሬበታለሁ፣ አሁንም አልደክምም።

ሦስት ዓይነት ነው። ኤስ ቬ የሚሉት ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ነው፣ ውድ ነው። ኩፔ አራት አልጋና የሚዘጋ በር አለው። ፕላትስካርት ደግሞ በር የሚባል የለውም። 54 ሰው አንድ ፉርጎ ውስጥ ተደራርቦ ይተኛል።

ሰው በሩን አይቶ ኩፔ ይመርጣል። እኔ ደግሞ በሩን ነው የምፈራው። ከሦስት የማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ቀናት ሙሉ ትዘጊያለሽ። አንዱ ካንኮራፋ ወይም ከጠጣ፣ በሩ የሚዘጋው አንቺው ላይ ነው። ፕላትስካርት ውስጥ ግን 54 ምስክር አለ። አንድ ሰው ማስቸገር ሲጀምር ማዶ ያለችው አሮጊት ትጮህበታለች፣ የፉርጎዋ አስተናጋጅ ፕሮቮድኒትሳ ትመጣለች፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ደግሞ ሩሲያዊ መንገድ ላይ ፊቱን እንዳጠቆረ ሊያልፍሽ ይችላል፣ ባቡር ውስጥ ግን በሁለተኛው ሰዓት ኪያርና የተቀቀለ እንቁላል ያቀርብልሻል። ያን ለማየት ፕላትስካርት ነው።

ዋናው የአልጋ ቁጥር ነው። ጎዶሎ ቁጥር ታች፣ ሙሉ ቁጥር ላይ ነው። ከ1 እስከ 36 ያሉት አራት አራት ሆነው ትይዩ የተደረደሩት ናቸው። ከ37 እስከ 54 ያሉት በመተላለፊያው ጎን ያሉት ናቸው። 37ን እና 38ን በነጻ ቢሰጡሽ እንኳ አትቀበዪ። ሽንት ቤቱ ጎን ነው፤ በሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ ታድሪያለሽ። ከ33 እስከ 36 ያሉትም ከዚያ ብዙ አይሻሉም። የጎኑ ታችኛ አልጋ ቀን ቀን ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይሆናል፣ መተኛት ስትፈልጊ ጠረጴዛውን መገልበጥ ነው። ቁመቱ የረዘመ ሰው ደግሞ ከ1 እስከ 36 ባሉት ላይ ከተኛ እግሩ ወደ መተላለፊያው ይወጣል፣ አላፊ አግዳሚው ሲገጨው ያድራል።

ታችኛው አልጋ ይወደዳል፣ ከሥሩ ግን ተከድኖ የሚተኙበት የዕቃ ሳጥን አለው። አንቺ ካልተነሳሽ ማንም አይከፍተውም። ብቻሽን ከሆንሽ ልዩነቱን ክፈዪ።

ሌላ አባል፦ የእግር ሽታውንስ ለምን አላነሳህም?

መልስ፦ ይሸታል። በሦስተኛው ቀን አንተም ትሸታለህ፣ ያኔ አይታወቅህም።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ ስንት ብር ይበቃኛል?

መልስ፦ ለምን ያህል ቀን? በየትኛው ማዕረግ? በየትኛው ወር? ዋጋው እንደ አውሮፕላን ትኬት ይወጣል ይወርዳል። ቀድሞ የቆረጠ በርካሽ ይሄዳል። ሌላ የምልህ የለኝም።

ጥያቄ፦ ቪዛ ካርድ ይዤ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ ይዘህ ሂድ፣ ግን ለማስታወሻ ነው። ከሩሲያ ውጭ የተሰጡ ቪዛና ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ እዚያ አይሠሩም። ጥሬ ገንዘብ ያዝ፣ እዚያው ወደ ሩብል መንዝር፣ አንድ ኪስ ውስጥም አታጉረው። ትኬቱንም ጣቢያው መስኮት ላይ ፓስፖርት አሳይቶ በጥሬ ገንዘብ መቁረጥ ይቻላል። ስምህ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። ፕሮቮድኒትሳዋ በሩ ላይ ቆማ ታመሳክራለች።

ጥያቄ፦ ሰዓቱ ግራ ያጋባል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይህችን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው።

ከሞስኮ ቭላዲቮስቶክ የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ። በድሮ ጊዜ ትኬቱም የጣቢያው ሰዓትም በመላ አገሪቱ በሞስኮ ሰዓት ነበር። ቭላዲቮስቶክ ላይ ፀሐይ ወጥታ የጣቢያው ሰዓት እኩለ ሌሊት ይል ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 ላይ ይህ ቀረ። አሁን ትኬት ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት የምትሳፈሩበት ከተማ ሰዓት ነው። ስለዚህ የድሮ መመሪያ አንብቦ «ሁሉም በሞስኮ ሰዓት ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

አሁን ወደ ራሳችን ጣጣ ልምጣ። ባቡሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ 24 ሰዓት ነው፣ ቀኑም እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። እኛ ጋ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። አንድ ጊዜ ከኖቮሲቢርስክ ትኬት ቆርጬ «12፣ 00:35» ይላል። በጭንቅላቴ ወደ ሌሊቱ 6:35 መለስኩት፣ ትክክል ነው። ከዚያ 12 ቀን ዋልኩ፣ እራቴን በላሁ፣ ሻንጣዬን አዝዬ ማታ ጣቢያ ደረስኩ። ሠራተኛዋ ትኬቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ትኬቱን አየች። ባቡሬ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነበር። ለካ 11 ቀን ማታ ነበር መምጣት የነበረብኝ። ስንት ዓመት የተመላለስኩ ሰው ነኝ እንግዲህ! አዲስ ትኬት ገዛሁ። አልጋ ቁጥር 38 ደረሰኝ።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ነው የሚፈጀው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ወደ ላይ ውጡና አንብቡ።

ጥያቄ፦ ምግብና ውሃስ? እኔ ደግሞ ጿሚ ነኝ።

መልስ፦ በየፉርጎው የፈላ ውሃ ማሞቂያ አለ፣ ቲታን ይሉታል፣ ሌት ተቀን በነጻ ነው። ሻይ ቅጠል፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ በፈላ ውሃ የሚበስል ኑድል ያዝ። ብርጭቆ ከፕሮቮድኒትሳዋ ትዋሳለህ፣ መያዣ ካለው ከብረት ማቀፊያው ጋር ትሰጥሃለች። ጿሚ ከሆንክ «ፖስትኖዬ» የሚለውን ቃል ያዝ፣ የጾም ማለት ነው። እነሱም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ይገባቸዋል። ሱቅ ውስጥ ግሬችካ የሚባል ቡናማ ጥራጥሬ ግዛ፣ በፈላ ውሃ የሚደርሰውን። ሲጋራ ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ባቡሩ ውስጥም መሳፈሪያው ላይም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ መታጠቢያ አለ?

መልስ፦ አንዳንድ ባቡር ላይ በክፍያ አለ። እርጥብ መጥረጊያ ያዢ። በአሮጌ ፉርጎ ሽንት ቤቱ ከተማ ሲቃረብ ይቆለፋል፣ ቀድመሽ አስቢበት።

ጥያቄ፦ ባይካልን ለማየት በየት በኩል ልቀመጥ?

መልስ፦ ከሞስኮ ስትመጣ በግራ። ግን በአልጋ ቁጥር አስልቼ እቆርጣለሁ ካልክ ተሳስተሃል፣ ፉርጎው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚቀጠል አይታወቅም። ኢርኩትስክን በቀን ብርሃን የሚያልፍ ባቡር ምረጥ፣ ከዚያ መስኮት ፈልግ። ከስሉድያንካ ጀምሮ ሐዲዱ ሐይቁን ታክኮ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሉድያንካ ላይ ባቡሩ ሲቆም ሐይቁ ቅርብ ይመስላል። እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ልመለስ ብሎ የሚሮጥ ሞኝ አይጠፋም። አትሩጡ። ከእብነ በረድ የተሠራውን ጣቢያ ተመልከቱና ተመለሱ። ባቡሩ ጡሩምባ ነፍቶ አይጠራችሁም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። ፓስፖርትና ገንዘብ ኪስ ውስጥ፣ ብያለሁ።

ሌላ አባል፦ ስሉድያንካ ላይ ኦሙል የሚባለውን የተጨሰ ዓሣ ሳይበሉ ማለፍ ኃጢአት ነው።

ሌላ አባል፦ ኦሙል እኮ ለንግድ ማጥመድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ተከልክሏል። ቁጥሩ ስለመነመነ ነው።

ያው አባል፦ እኔ ባለፈው በልቻለሁ። ሴትየዋ ኦሙል ነው ብላኛለች።

ሌላኛው፦ ሴትየዋማ ምን ልትልህ ኖሯል?

መልስ፦ ዓሣውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ሐይቁ ከተነሳ ግን ታሪኩን ልንገራችሁ፣ ከዓሣው ይሻላል። ሐዲዱ ሲሠራ የባይካል ደቡብ ዳርቻ ገደል ስለሆነ መጨረሻ ላይ ቀረ። እስከዚያ ፉርጎዎቹን በመርከብ ያሻግሩ ነበር። «ባይካል» የምትባል በረዶ ሰባሪ መርከብ እንግሊዝ አገር ኒውካስል ተሠርታ፣ ተፈታታ መጥታ፣ ሐይቁ ዳር ተገጣጠመች። ከጃፓን ጋር ጦርነት ሲነሳ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በብርዱ ወራት፣ በረዶው ላይ ሐዲድ ዘረጉ። ሙሉ ባቡር ስለማይችል ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ በፈረስ ጎተቱ። ታናሽዋ መርከብ «አንጋራ» ዛሬ ኢርኩትስክ ውስጥ ሙዚየም ሆናለች። ሄዳችሁ እዩ።

ሌላ አባል፦ ስለዚህ መስመሩ ያለቀው በ1904 ነው ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ በ1916 ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አትጣሉ። ሥራው በ1891 ተጀመረ። በ1904 የባይካሉ ክፍል ሲያልቅ ባቡር ያለ መርከብ ማለፍ ቻለ፣ ግን ማንቹሪያን፣ ማለትም ቻይናን አቋርጦ ነው። ሙሉ በሙሉ በሩሲያ ምድር ላይ የሆነው ካባሮቭስክ ላይ የአሙር ወንዝ ድልድይ በ1916 ሲያልቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። ያሰጋል?

መልስ፦ አንዳንድ ባቡር ላይ የሴቶች ብቻ ኩፔ አለ፣ ስትቆርጪ ጠይቂ። ከሌለ ፕላትስካርት፣ ለፕሮቮድኒትሳዋ ክፍል ቅርብ የሆነ አልጋ። ዝቅተኛው ቁጥር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሰው እንዴት ያዩታል?

መልስ፦ ያፈጥጡብሃል። ልጆች ፎቶ እንነሳ ይሉሃል። የሰከረ ሰው ካጋጠመህ አትመልስለት፣ ተነስተህ ወደ ፕሮቮድኒትሳዋ ሂድ። ጣቢያ ላይ ፖሊስ ወረቀት ሊጠይቅህ ይችላል። ሆቴል ስታድር ያስመዘግቡሃል፣ ያችን ወረቀትና ያለፉትን የባቡር ትኬቶች አትጣል። የት የት እንደነበርክ ያስረዱልሃል።

ጥያቄ፦ ቪዛው እንዴት ነው?

መልስ፦ ኤምባሲ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከሞስኮ ቤጂንግ ቀጥታ የሚሄደውስ?

መልስ፦ እሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆመ። ባቡር እየቀየርክ ሂድ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ወርጄ ከተማ ለማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱን ትኬት ቁረጥ። ከሞስኮ የካተሪንበርግ፣ ከዚያ ኢርኩትስክ፣ ከዚያ ኡላን ኡዴ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳትወርድ አትሂድ፣ ከአራተኛው ቀን በኋላ ዛፍ ነው የምትቆጥረው። እኔ ቆጥሬያለሁ፣ አብዛኛው በርች ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ አመሰግናለሁ! ሁሉንም አንብቤ ትኬቴን አሁን ቆረጥኩ። ታችኛ አልጋ፣ ቁጥር 7! ኦገስት 14፣ 00:20 ይላል። እንግዲህ ኦገስት 14 ማታ ከሆቴል ስንት ሰዓት ላይ ልውጣ?

መልስ፦ 13 ማታ! በ13!