ሳይኮአናሊቲክ ቴራፒ ለሚጀምሩት የኮምቦልቻ እህታችን፦ ስለ ቀሩበት ሰዓት ክፍያ አስቀድመው ይጠይቁ

አዲስ አበባ በግል ከሚሠሩ ባለሙያ ዘንድ ሳይኮአናሊቲክ ቴራፒ (የተደበቀ ስሜትንና ያለፈ ሕይወትን በንግግር የሚፈትሽ ሕክምና) ሊጀምሩ እንደሆነ ገልጸው፣ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ምን ማወቅ እንዳለብዎት ጠይቀዋል። አብሽሩ፤ እኔም ከደሴ እየተመላለስኩ የጀመርኩት ነው፤ ነገር ግን በራሴ ጥፋት ስምንት ወር አባክኛለሁ።

1. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀጠሮዎች በአካል ይገኙ። ከእኛ አገር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ ሆኖም እነዚህ ቀጠሮዎች መተያያ ናቸው፤ ባለሙያው እርስዎን ሲያጤኑ እርስዎም እርሳቸውን ያጤናሉ። የት እንደ ሠለጠኑ፣ ራሳቸው በዚህ ሕክምና ያለፉ መሆናቸውን፣ ሥራቸውን ከሌላ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር የሚመካከሩበት መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ መጀመሪያ በሄድኩበት ቢሮ ተቀባይዋ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀችኝ፤ ባለሙያውም ስለ ሥልጠናው ሳነሣበት «ሊፈትኑኝ ነው የመጡት?» አለኝ። ዳግም አልተመለስኩም፤ በዚያ ውሳኔዬ ዛሬም እኮራለሁ።

2. የቀሩበት ሰዓት እንዴት እንደሚታሰብ አስቀድመው ይስማሙ። ይህን ባለማድረጌ ነው የተጎዳሁት። በዚህ ሕክምና 45 ወይም 50 ደቂቃዋ በየሳምንቱ ለእርስዎ ብቻ ተጠብቃ የምትቆይ ናት። የዚህ ሕክምና መሥራች ፍሮይድ ሕክምናን ስለ መጀመር እ.ኤ.አ. በ1913 በጻፈው ጽሑፍ ሰዓቱ ለታካሚው የተከራየ ያህል እንደሆነና ባይጠቀምበትም እንደሚከፍልበት አስቀምጧል። ይህን እኔ ያወቅሁት ከተናደድኩ በኋላ ነው።

ከዚያኛው ቢሮ በኋላ ካገኘኋቸው ከአሁኑ ባለሙያዬ ጋር በአካል ከተገናኘን በኋላ በቪዲዮ እየተነጋገርን ሳለ አጎቴ ሐይቅ ላይ አረፈ። ለቅሶ መቅረት በወሎ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በጠዋት መልእክት ላክሁና ወደ ቀብሩ ሄድኩ። በወሩ መጨረሻ ያቺ ሰዓት ሙሉ ክፍያ ተይዞባት መጣች። አንጀቴ አረረ፤ ግን ይሉኝታ ይዞኝ «እሺ፣ ችግር የለም» ብዬ ከፈልኩ። በቀጣዩ ሳምንት ኔትወርክ አስቸገረኝ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ስልክም አላነሣሁም።

ከስምንት ወር በኋላ እንቅልፍ ማጣቱ ሲብስብኝ ደወልኩ፤ ተቀበሉኝ። በዚህ ሕክምና ወደ አእምሮ የመጣውን ሁሉ ሳይመርጡ መናገር ዋናው ደንብ ቢሆንም፣ እኔ ስለ ሥራዬና ስለ ጎረቤቶቼ ብቻ አወራሁ። በሦስተኛው ቀጠሮ ዝምታው ሲረዝምብኝ «አጎቴን ቀብሬ ስመለስ ሂሳብ ላኩብኝ» የሚለው ቃል አመለጠኝ፤ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርሳቸው ይቅርታ አልጠየቁም፤ ራሳቸውንም አልተከላከሉም። «እየከፋዎት እሺ ያሉት ሌላ ማንን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አባቴ ትዝ አለኝ። ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ደመወዜን «እሺ አባባ» እያልኩ ሳስረክብ ኖሬ፣ አንድ ቀን ያለ አንዲት ቃል ቤቱን ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለሙያዎቹ ትራንስፈረንስ የሚሉት ይህንን ነው፤ ለቀድሞ ሰው የነበረን ስሜት በሐኪሙ ላይ ያርፋል፣ እርሱም የሥራው ዋና ጥሬ ዕቃ ይሆናል። እኔ ግን ጥሬ ዕቃውን ይዤ ስምንት ወር ሸሽቼ ነበር።

የለቅሶ ሰዓት መከፈሉን ዛሬም አልቀበልም፤ ይህንኑ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። በመጨረሻም በዚያው ሳምንት ክፍት ሰዓት ካላቸው እንዲያዛውሩልኝ፣ ከሌላቸው ግን እንድከፍል ተስማማን። በሕይወቴ ቅሬታዬን ተናግሬ ያገኘሁት የመጀመሪያው ስምምነት ነው።

በቪዲዮ የሚቀጥሉ ከሆነ ጎረቤት ለቡና ብሎ የማይገባበት ቦታ ይፈልጉ፤ እኔ የወንድሜን መጋዘን ነው የምጠቀመው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ወይም ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማዎት ከሆነ ግን ይህን ሕክምና ሳይጠብቁ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ስለ ክፍያው ማንሣት ከከበደዎት በመጀመሪያው ቀጠሮ መጨረሻ ይህችን ብቻ ይጠይቁ፦ «ለቅሶ ቢገጥመኝ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ ሰዓቴ ምን ይሆናል?»