ከቁልቢ በፊት ጎረቤት ጋ ግቡ

ታኅሣሥ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲቃረብ ድሬዳዋ በእናንተ ትሞላለች። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከአረብ አገር ትመጣላችሁ። ከዚራ ሰፈር አልጋ ይጠፋል፣ የመኪና ኪራይ ጣሪያ ይነካል፣ እናቶች ልጆቻቸውን አይተው አይጠግቡም። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ስለታችሁ ይሥመር። እኔም ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ወደ ድሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። እንደ ታላቅ ወንድም ስሙኝ።

ቁልቢ ላይ የምናደርገውን ሁሉም ያያል፤ ወርቁን፣ ጃንጥላውን፣ ሻማውን። ሰው ክርስትናችንን የሚመዝነው ግን እዚያ አይደለም። ግቢያችን በር ላይ፣ ለሠራተኛ በምንከፍለው ብር፣ በስልካችን በምንለጥፈው ነገር ነው።

ከስልኩ ልጀምር፣ እሱ በጣም ያመኛል። ውጭ ተቀምጦ፣ ቲክቶክ ላይቭ ገብቶ የሌላውን ሃይማኖት ማዋረድ ዛሬ እንደ ምስክርነት እየተቆጠረ ነው። ተናጋሪው ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ነው። ሲጨርስ ስልኩን ዘግቶ ይተኛል። ቪዲዮው ግን በማግስቱ መጋላ ሻይ ቤት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የዚያ ሰው እናት ያለችው እዚህ ነው። ሌሊት ሲያማት ባጃጅ ጠርቶ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ያ የተሰደበው ጎረቤት ነው። እሷ ባልተናገረችው ነገር አንገቷን ደፍታ ትወጣለች፣ ትገባለች። በእናታችሁ ይሁንባችሁ፣ ይህን ተዉ። ስለ እምነታችሁ መናገር ከፈለጋችሁ ክርስቶስ ለእናንተ ያደረገውን ተናገሩ። እሱ ብቻ ስንት ሰዓት ያናግራል!

እዚህ እንዴት እንደምንኖር ረስታችሁ ከሆነ ላስታውሳችሁ። ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ፍየል ወይም በግ ለብቻ ይገዛል። ሙስሊም ጎረቤት ይጠራና በራሱ ቢላ ያርዳል። ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ ሁሉ የተለየ ነው። ወጡንም ብዙ ጊዜ እነሱው ይሠሩታል። የኛ ሴቶች ጭልፋቸውን ይዘው ወደዚያ ድስት ዝር አይሉም። ማንም ከእምነቱ አልቀነሰም፣ ሳይበላ የሄደ እንግዳም የለም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት፣ የካቲት 22 ጀመረ። ማታ ማታ ከጎረቤት ሰምቡሳ ይመጣልን ነበር። ከሥጋው ተለይቶ በምስር የተሞላ፣ በሌላ ዘይት የተጠበሰ። የጾማችንን ሥርዓት ቁጭ አድርገን አላስተማርናቸውም። ዓመት በዓመት ስንጾም ያዩናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድም ከተማው ለቅሶ የተቀመጠው አንድ ላይ ነው። ማቴዎስ 5፥16 ላይ ጌታ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ሲለን፣ ለእኔ ያ ሰው እንዲህ በግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤት ነው።

ሌላው ገንዘብ ነው። ሳቢያን አካባቢ ወይም ሌላ ሰፈር ቤት የምታሠሩ ብዙ ናችሁ። ውክልናው ለአጎት ልጅ ይሰጣል፣ ብሩ በየጊዜው ይላካል፣ መሐል ላይ ሒሳቡ ይንጠለጠላል። የቀን ሠራተኛው "ነገ ና" ይባላል። ነገ ሲመጣ ፎርማኑ የለም። ግንበኛው የቤት ኪራይ ደርሶበት ብድር ይገባል። ባለቤቱ ታኅሣሥ ላይ ከች ይልና ለገብርኤል ወርቅ ያስገባል። ሠራተኛው ይህን ያያል። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። ስለዚህ ስለቱን ከማስገባታችሁ በፊት የሠራተኛውን ሒሳብ ዝጉ። "ሁሉንም ከፍያለሁ" ብትባሉም ሥራው ቦታ ድረስ ሂዱና ሠራተኞቹን ራሳችሁ ጠይቁ። ዘመድ ይቀየመኛል ብላችሁ አትተዉት። ቢቀየም ይታረቃል፤ ላቡ የተበላበት ሰው ግን የት ሄዶ ይከሳችኋል?

እርቅ ካነሳን፣ ማቴዎስ 5፥23 እና 24 መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። በውርስ ቤት የተኮራረፉ ወንድማማቾች ቁልቢ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው ሻማ ሲያበሩ አይቻለሁ። አንጀት ይበላል። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አያልቅም። ሽማግሌ ያዙ፣ ከፈቃዳችሁም አንድ ሁለት ቀን ለሱ ቁረጡለት።

እዚያው በምትኖሩበት አገርም ያው ነው። አረጋውያን በመንከባከብ የምትተዳደሩ አላችሁ። ሌሊት፣ አለቃ በሌለበት፣ አልጋ የያዙትን አዛውንት ጎን ስትቀይሩ ቀስ ትላላችሁ ወይስ ሰዓት እያያችሁ ታገላብጣላችሁ? እሳቸው ስለ ቅዳሴያችንም ሆነ ስለ ጾማችን ሰምተው አያውቁ ይሆናል። ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያን የሚያውቁት እናንተን ብቻ ነው።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። ከድሬ ቁልቢ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደንገጎን ስታልፉ ብርድ አለ፣ ጋቢ ያዙ። ራስ መኮንን ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ በምስጋና ያሠሩትን ቤተ ክርስቲያን ልትሳለሙ ነው የምትሄዱት፤ በጥሩምባና በሽሚያ አትውጡ። ድንጋይ ተሸክመው ዳገቱን በእግር የሚወጡ ምእመናን አሉ። መኪናውን አቀዝቅዙላቸው፣ ውሃ ያዙላቸው። ሹፌሩንም አብራችሁ አብሉት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ከሰዓት ለጎረቤት ስጡ። እናንተ በሌላችሁበት እናታችሁን ማን እንደሚያይላት ራሷን ጠይቋት። በሩን አንኳኩ፣ ቡና ጠጡ፣ አመስግኑ። ከሻንጣውም ለልጆቻቸው የሚሆን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ከረሜላ ከሆነ የአሳማ ጄላቲን የሌለበት መሆኑን ስትገዙ ማሸጊያው ላይ አንብቡ።