ፖሊስ ዘግይቶ ቢደርስ መክሰስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። የቀድሞ ባለቤቴ «እገድልሻለሁ» እያለ በሬን ሲደበድብ 999 ደወልኩ። «እየመጣን ነው» አሉኝ። ሲቆዩብኝ ደግሜ ደወልኩ። የደረሱት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ነው። እስከዚያ በሩን ገንጥሎ ገብቶ ክንዴን ሰብሮታል። ይህ ከሆነ ሰባት ወር አለፈው። ፖሊስን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ነፍስዎ ተረፈ። «ሰባት ወር» የሚለውን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

ፖሊስን በቸልተኝነት ከሶ ካሳ ማግኘት በእንግሊዝና በዌልስ በጣም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አንዲት የካርዲፍ እናት 999 ደውላ፣ የቀድሞ ጓደኛዋ ሊገድላት ተመልሶ እንደሚመጣ ተናገረች። ጥሪው የገባው ለጎረቤት አካባቢ ፖሊስ ነበር። ወደ ሳውዝ ዌልስ ፖሊስ ሲተላለፍ አስቸኳይነቱ ዝቅ ተደረገ። ሲደርሱ ሞታለች። ቤተሰቧ ከሰሰ። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቸልተኝነቱን ክስ 5 ለ 2 በሆነ ድምፅ አልተቀበለም። ይህ ፍርድ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት የሰብአዊ መብት ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። የእርስዎም መንገድ ይኸው ነው። በ1998ቱ የሰብአዊ መብቶች ሕግ መሠረት፣ ፖሊስ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ እውነተኛና የቀረበ አደጋ እንዳለ እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ዝም ካለ ይጠየቃል። ከባድ ጥቃትን በወጉ ሳይመረምር ቢቀርም እንዲሁ። የለንደን ፖሊስ ሴቶችን በታክሲው ያጠቃ የነበረን ሾፌር ምርመራ በማበላሸቱ ሁለት ተጠቂዎች ከስሰው ካሳ አግኝተዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018 አጽንቶላቸዋል።

ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከዚያ ማታ በፊት ፖሊስ ምን ያውቅ ነበር? ዛቻውን አመልክተው ነበር? በስልክስ በትክክል ምን አሉ? የክንድዎ መሰበር ብቻውን አያሸንፍም። እነሱ ያወቁት ነገር ነው ክሱን የሚያቆመው።

አሁን ወደ ድንጋጤዬ ልመለስ። የዚህ ክስ ይርጋ፣ ማለትም ክሱ መቅረብ ያለበት የጊዜ ገደብ፣ አንድ ዓመት ነው። ፍርድ ቤቱ ሊያራዝመው ይችላል፣ ግን አይተማመኑበት። ብዙ ወገኖቻችን ለፖሊስ አቤቱታ ያስገቡና መልስ ሲጠብቁ ዓመቱ ያልቃል። አቤቱታ ይርጋውን አያቆመውም! ያቅርቡት፣ ጥሩ ነው፤ ውሳኔው ካላረካዎትም እንደገና እንዲታይልዎ በ28 ቀን ውስጥ መጠየቅ ይችላሉ። ጠበቃ ግን በዚህ ሳምንት ይያዙ። ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ የመንግሥት የሕግ ድጋፍ ሊያገኙ ስለሚችሉ ይጠይቁ።

የሁለቱን ጥሪዎች ቅጂም ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። ስለራስዎ የተያዘን መረጃ ማግኘት መብትዎ ነው፤ በነፃ ነው፣ መልሱም በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ ሊሰጥዎ ይገባል። ቅጂዎች ለዘላለም አይቀመጡም።

ሰውየው አሁን የት እንዳለ አልጻፉልኝም። አሁንም የሚያሰጋዎት ከሆነ ይህ ከካሳው ይቅደም። የቤተሰብ ፍርድ ቤት እንዳይደርስብዎት የእግድ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ክፍያ የለውም፤ አጣዳፊ ከሆነም እሱ ሳይጠራ ሊሰጥ ይችላል። ትእዛዙን ከጣሰ ወንጀል ነው። አንድ ቀን 999 ደውለው መናገር ካልቻሉ ደግሞ፣ በሞባይል ከሆነ ሲጠየቁ 55ን ይጫኑ። ወደ ፖሊስ ያገናኙዎታል።