የሊግ ተጫዋች ለነበረ ሰው ወደ አሜሪካ ኮሌጅ አሠልጣኝነት የሚያስገባው በር የቱ ነው?

ጠያቂያችን አገር ቤት በፕሪሚየር ሊግ ስድስት ዓመት ተጫውቷል፣ የስፖርት ሳይንስ ዲግሪ አለው፣ አሁን አሜሪካ በተማሪ ቪዛ ነው ያለው። «ኮሌጅ ማሠልጠን ከየት ይጀመራል? የተጫዋችነት ታሪኬስ ምን ያህል ይረዳኛል?» ብሏል።

ወንድሜ፣ ታሪክህ ሲቪህን ያስነብብልሃል እንጂ ሥራውን አያሰጥህም። ቀጣሪው የስፖርት ዳይሬክተር ስንት ጎል እንዳገባህ አይጠይቅህም፤ ተጫዋች ከየት እንደምታመጣ ነው የሚጠይቅህ። (ስትጽፍለትም «ሶከር» በል፤ «ፉትቦል» ካልክ ወደ ሄልሜት ለባሾቹ ይመራሃል።)

የአሜሪካዊውን አሠልጣኝ የኬሌብ ፖርተርን መንገድ ተመልከት። በኤምኤልኤስ (በአሜሪካው ከፍተኛ የእግር ኳስ ሊግ) ለሳን ሆዜና ለታምፓ ቤይ ተጫውቶ በጉዳት ምክንያት በፈረንጆች 2000 ጫማውን ሰቀለ። ከዚያ በተማረበት ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እስከ 2005 ረዳት ነበር፤ የአክሮን ዩኒቨርሲቲን ቡድን በዋና አሠልጣኝነት የያዘው በ2006 ነው። በ2009 የኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ በቨርጂኒያ በመለያ ምት ተሸነፈ፣ በ2010 ሉዊቪልን 1ለ0 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። የኤምኤልኤስ ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት የ2011 ድራፍት ከመጀመሪያዎቹ 8 ምርጫዎች 5ቱ የእሱ ልጆች ነበሩ፤ ይህ የምልመላ ፍሬ ነው። በ2013 ወደ ኤምኤልኤሱ ክለብ ፖርትላንድ ቲምበርስ ተሻግሮ በ2015 የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ኤምኤልኤስ የተጫወተ ሰው እንኳ አምስት ዓመት ያህል ረዳት ሆኖ ቆይቷል።

ላንተ የሚቀርበው በር ግራጁየት አሲስታንትነት ነው፤ ማስተርስ እየተማርክ ቡድኑን ትረዳለህ፣ ትምህርት ቤቱም የትምህርት ክፍያህን በከፊል ወይም በሙሉ ይሸፍንልሃል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብም ይጨምርልህ ይሆናል። መጀመሪያ ዲግሪህን እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ የውጭ አገር ዲግሪ ገምጋሚ ድርጅት «ኮርስ በኮርስ» አስገምግም። ትራንስክሪፕቱ በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲህ መላክ ስላለበት ሬጅስትራሩን ዛሬውኑ ጠይቅ፤ ብዙ ሰው የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው።

በኤፍ 1 (በተማሪ) ቪዛ ትምህርት ባለበት ወቅት ግቢ ውስጥ መሥራት የምትችለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ቅዳሜና እሑድ የሰፈር ክለብ ልጆችን በካሽ ማሠልጠን ግን ከግቢ ውጭ የሚሠራ ያልተፈቀደ ሥራ ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚሉህን አትስማ፣ ቪዛህን ያስከፍልሃል። በነጻም ቢሆን አስቀድመህ የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አማክር።

የአሠልጣኝነት ላይሰንሱ በዩኤስ ሶከር (በአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን) ከመጀመሪያው ደረጃ ከግራስሩትስ ተነስቶ ወደ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ ያድጋል። የካፍ ወረቀት ካለህ በራሱ ይቆጠርልኛል ብለህ አትገምት፣ ጠይቅ።

ከሊግ የመጡ ሰዎች በብዛት የሚወድቁት በሰዓት ቆጠራ ነው። በዲቪዚዮን 1 (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) በውድድር ወቅት በቀን 4፣ በሳምንት 20 ሰዓት ነው የተፈቀደው፤ አንድ ቀንም እረፍት ግዴታ ነው። የጨዋታ ቀን የቱንም ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ይቆጠራል። ሳምንቱ ሁለት ጨዋታ ካለው 6 ሰዓት ሄደ፣ የቀረህ 14 ነው፤ የቪዲዮ ስብሰባውም ከዚሁ ይቀነሳል። አገር ቤት እንደለመድነው ጠዋትና ማታ ላሠልጥን ካልክ ደንብም ትጥሳለህ፣ ዓርብ ተጫውተው እሑድ የሚደግሙ ልጆችንም እግር ትጨርሳለህ።

ቅያሪውም ሌላ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ የወጣ ተጫዋች በዚያ አጋማሽ አይመለስም፣ በሁለተኛው ግን አንዴ መመለስ ይችላል። ስለዚህ የክንፍ ተጫዋችህን በ25ኛው ደቂቃ «ለአምስት ደቂቃ ይረፍ» ብለህ ብታስወጣው እስከ እረፍት አጥተኸዋል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በመደበኛው ውድድር ጭማሪ ሰዓት የለም፣ አቻ አቻ ነው።

ምልመላ ላይ ተጠንቀቅ። በዲቪዚዮን 1 የ10ኛ ክፍል ትምህርቱን ጨርሶ ሰኔ 15 በፈረንጆች ካልደረሰ ልጅ ጋር ስለ ምልመላ መደወልም ቴክስት ማድረግም ክልክል ነው፤ «የእኛው የሐበሻ ልጅ ነው» ማለት አያድንም። ዲቪዚዮን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ እዚያ ከሆንክ ለወላጅ የምታስረዳው የትምህርት ውጤትን ወይም የቤተሰብ ገቢን መሠረት ያደረገ እርዳታ ነው። በሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ቡድን ይዘህ ከሆነ ሲቪህ ላይ ጻፈው፤ ከ1984 ጀምሮ ያለ መሆኑን በአንድ መስመር አስረዳ፣ ፈረንጁ አያውቀውም።

ክፍት ቦታ በብዛት የሚወጣው ውድድሩ ታኅሣሥ ላይ ሲያልቅ ነው። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩን የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ኤንሲኤኤ ማርኬትን በየቀኑ እይ፣ አቅም ካለህም ጥር ላይ ወደሚደረገው የአሠልጣኞች ማኅበሩ የዩናይትድ ሶከር ኮችስ ጉባኤ ሂድ። ለዋና አሠልጣኙ የምትልከው ኢሜይል ከአሥር መስመር አይለፍ፤ ራስህ ልምምድ ስትመራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሊንክ ይኑረው። የጎሎችህን ቪዲዮ አትላክ።

የተጫወትክበትን ቦታ አልጻፍክም። ግብ ጠባቂ ከነበርክ ኢሜይሉን በዚያ ጀምር፤ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ግብ ጠባቂ የሚያሠለጥንላቸው ሰው ይቸግራቸዋል።