ከኮሮና በኋላ ኩላሊታቸው ተጎዳ ለተባሉ አባት፦ ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ አባትሽን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርልሽ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ 64 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ግፊት አለባቸው። በኮሮና አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብተው ኦክስጅን ላይ ሰነበቱ። በሁለተኛው ሳምንት ኩላሊታቸው ደክሟል ተባለና ሁለት ጊዜ እጥበት (ደምን በማሽን ማጣራት) ተደረገላቸው። አሁን ቤት ገብተዋል፤ ክሬቲኒናቸው (ኩላሊት ከደም የሚያጸዳው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ቁጥሩ ይጨምራል) 2.4 ነው። ሦስት ነገር ጠይቀሻል። ኮሮና የሚያጠቃው ሳንባን አይደለም ወይ? አባቴ ዕድሜ ልኩን ማሽን ላይ ሊቀር ነው ወይ? ወንድሜ ኩላሊቴን ልስጥ ብሏል፣ ከአሁኑ ምርመራ ይጀምር?

እኔ የእጥበት ነርስ ነኝ። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ማርችና ኤፕሪል፣ ኒውዮርክ ሆስፒታል ውስጥ ነበርኩ። ሐኪም አይደለሁም፤ የአባትሽን ካርድም አላየሁም። በዓይኔ ያየሁትንና ሥራዬ ያስተማረኝን ልንገርሽ።

ኮሮና የሚገባው በመተንፈሻ ነው፤ ግን እዚያ ብቻ አይቀመጥም። ኩላሊት ብዙ ደም የሚፈልግ አካል ነው። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ የሚሄደው ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ነው። ሰው በትኩሳት ሲያልበው፣ ሲያስቀምጠው፣ እህል ውሃ ሲዘጋው ሰውነቱ ይደርቃል። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ቀድመው ከሚጎዱት አካላት አንዱ ኩላሊት ነው። በኮሮና ላይ ሌላም ተጨመረበት። ደም ይረጋል፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያስነሳው እብጠት ከልኩ ያልፋል። ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሰዋል። ከሚሰጡት መድኃኒቶችም ኩላሊትን የሚከብዱ አሉ፤ ቫንኮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ አንዱ ነው።

ከቻይና የወጡት የመጀመሪያ ጽሑፎች የኩላሊት ጉዳት እምብዛም እንደማያጋጥም ነበር የሚናገሩት። ስለዚህ ሁሉም የተሯሯጠው ለቬንቲሌተር ነው። ኤፕሪል ላይ ግን የእጥበት ማሽን፣ የማጠቢያው ፈሳሽ፣ የሚያጥበውም ነርስ አነሰ። በኒውዮርክና አካባቢዋ በ13 ሆስፒታሎች የተኙ 5,449 የኮሮና ታማሚዎች ተጠንተው ነበር። 36.6 በመቶ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ቬንቲሌተር ላይ ከነበሩት ለብቻቸው ሲታዩ ወደ 90 በመቶ፣ ቬንቲሌተር ካላስፈለጋቸው ደግሞ 22 በመቶ ያህሉ። ኩላሊታቸው ከተጎዳው መሃል እጥበት ያስፈለጋቸው 14 በመቶ አካባቢ ናቸው። የአባትሽ ነገር እነሱ ላይ ብቻ የወረደ መዓት አይደለም።

ደም ይረጋል ያልኩሽን አንድ ነገር ላሳይሽ። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ለጠና ታማሚ ደሙን ቀስ እያለ 24 ሰዓት የሚያጥብ ማሽን አለ። ደሙ የሚያልፍበት ማጣሪያ ነጫጭ ቀጫጭን ክሮች የታጨቁበት ጠርሙስ መሰል ነገር ነው። ደህና ከሠራ ሁለት ሦስት ቀን ያገለግላል። በኮሮና ታማሚ ላይ ግን በሰዓታት ውስጥ ይዘጋብን ነበር። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የግፊቱ ቁጥር ከፍ ከፍ ይላል። ቀጥሎ በክሮቹ መሃል ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። ከዚያ ማሽኑ ይጮኻል። ጭራሽ ከመዘጋቱ በፊት ደሙን ወደ ታማሚው ካልመለስነው እዚያው ይቀራል። የደም ማቅጠኛ እየተሰጠም ይህ ይሆን ነበር። ማሽን ውስጥ እንዲህ የሚረጋ ደም በኩላሊት ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቢው።

ከአስተያየቶቹ መሃል «ኮሮና የጥቁር ሰው ኩላሊት ላይ ይጠናል» ያለ ወንድም አለ። እውነት ያለበት ነገር ነው፤ ግን በደፈናው አይደለም። ኤፖል1 የሚባል ጂን አለ። አንዳንድ ዓይነቶቹ ምዕራብ አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይገኛሉ። ከአባትም ከእናትም የወረሳቸው ሰው ኮሮና ሲይዘው ኩላሊቱ ወደ ሽንት ፕሮቲን በብዛት የሚያፈስበት ከባድ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያውያን ላይ የወጣ ጥናት ግን እነዚህ ዓይነቶች በኛ ሰው ላይ እንዳልተገኙ አሳይቷል። ስለዚህ ለአባትሽ ይበልጥ የሚያሰጋቸው ስኳሩና ግፊቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ኩላሊት ተጎዳ ማለት የግድ ዕድሜ ልክ እጥበት ማለት አይደለም። በድንገት የተጎዳ ኩላሊት ሊያገግም ይችላል። አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። የሽንት ከረጢታቸው ለቀናት ባዶውን ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከታች ጥግ ላይ ጠቆር ያለ ሻይ የመሰለ ሽንት አየሁ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሞላ ነው። በየሰዓቱ መለካት ጀመርን። ከቀናት በኋላ ከረጢቱን በየጊዜው ማፍሰስ ሆነ ሥራችን፤ እጥበቱም ቆመ። ሁሉም እንደሳቸው አይሆንም፤ በእጥበት ላይ የቀሩም፣ ያላለፈላቸውም ብዙ ናቸው። ግን እዚያው ኒውዮርክ በማውንት ሳይናይ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት አንድ ነገር ይነግረናል። ኩላሊታቸው ተጎድቶ በሕይወት ከወጡት 35 በመቶዎቹ ሲወጡ ኩላሊታቸው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም ነበር። ከነዚህ መሃል ክትትል ከተደረገላቸው ውስጥ 36 በመቶዎቹ ከወጡ በኋላ ተመልሶላቸዋል። ማገገሙ ቤት ከገቡ በኋላም ይቀጥላል ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ ቤተሰብ «ተመስገን፣ አለፈ» ይላል፤ ትንፋሹ ደህና ስለሆነ ኩላሊቱ ይረሳል። ሐኪሞች ጉዳቱን ቋሚ የሚሉት ሦስት ወር ሲያልፈው ነው። እነዚህን ሦስት ወሮች እንዳትለቂያቸው።

ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጊ። የአባትሽን የድሮ የላብራቶሪ ወረቀት ፈልጊ። የስኳር ክትትል ስላላቸው ኩላሊታቸው ከዚህ በፊት ሳይታይ አይቀርም። ከኮሮና በፊት ክሬቲኒናቸው 1.0 ከነበረና 1.9 ከነበረ 2.4 የሚነግረን ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው። ያንን ወረቀት ይዘሽ ወደ ኩላሊት ስፔሻሊስት ሂጂ። የሽንት ፕሮቲንም እንዲታይ ጠይቂ፤ ክሬቲኒን ብቻውን አይበቃም። በዚያ ላይ ለሳምንታት የተኛ ሰው ጡንቻው ይከሳል። ጡንቻ ሲቀንስ ክሬቲኒን ከእውነቱ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ ክትትሉን እንዳታቆሙ።

መድኃኒት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ለወገብ ወይ ለራስ ምታት ብለው ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አድቪል እንዳይወስዱ። ጎረቤት ያለው ጤና ረዳት «አንድ ዲክሎ ልውጋቸው» ቢል እሺ እንዳትዪ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ኩላሊት ሲደክም መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይቆማል፤ ሐኪሙ ይወስን። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ደግሞ የደከመ ኩላሊት ኢንሱሊኑን ቶሎ አያስወጣም። በድሮው መጠን ሲወጉ ስኳራቸው ድንገት ሊወርድ ይችላል። ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም፤ ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ ለኩ። ኤናላፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒት ሆስፒታል ውስጥ ተቋርጦባቸው ከሆነ መቼ እንደሚመለስ ጠይቂ፤ በራሳችሁ አትጀምሩት፣ እየወሰዱት ከሆነም በራሳችሁ አታቁሙት። ምን እንደተቀመመበት የማይታወቅ የባህል መድኃኒትም ለጊዜው ይቅር።

«ለኩላሊት ውሃ ነው» ብለሽ በግድ አታጠጫቸው። ሽንታቸው ትንሽ ከሆነ ውሃው መውጫ አጥቶ እግር ላይና ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። በብዛት እየሸኑ ከሆነ ደግሞ መድረቅም አለ። የሚሸኑትን በመለኪያ ዕቃ ለክታችሁ ጻፉ፤ ጠዋት ጠዋት ክብደታቸውን መዝኑ። ሐኪሙ የሚጠጡትን መጠን የሚነግራችሁ ያንን አይቶ ነው። ጠያቂ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ፍቅር ነው። ግን ፖታሲየማቸው ከፍ ብሎ ከሆነ እነዚህ ልብን ሊያውኩ ይችላሉ። ውጤቱ እስኪታወቅ ቆጠብ ይበሉ።

ወንድምሽን እግዚአብሔር ያክብረው። ግን ጊዜው አይደለም። ንቅለ ተከላ የሚታሰበው ኩላሊት እንደማይመለስ ሲረጋገጥ ነው። አገር ቤት ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሠርቶታል። ካስፈለገ የሚኬድበት አለ። አባት ስኳርና ግፊት ስላለባቸው ወንድምሽ የራሱን ስኳርና ግፊት ይታይ፤ ይህ ሰጠም አልሰጠም ይጠቅመዋል።

ሽንታቸው በጣም ከቀነሰ ወይም ከቆመ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ትውከት ካላቆመ፣ ወይም ከተቃዡና እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። የድሮውን ወረቀት ስታገኚ ክሬቲኒኑንና የተሠራበትን ቀን እዚሁ ጻፊልኝ፤ ስማቸውን ሸፍነሽ።